ፍቅረኛዬ የነበረው ልጅ «ምስክር ሁኚልኝ» አለኝ

ዛሬ የማወጋችሁ የሌላ ሰው ገጠመኝ አይደለም፤ የራሴ ነው። የራሴ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። የአንድ ልጅ ሕይወት አለበት። ስሙን አልጠራም፤ ያለበትንም አገር አልናገርም። ሠፈሩንና ጊዜውንም ሆን ብዬ አድበስብሼዋለሁ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት በስልክ አንብቤለት «ይውጣ» ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፍልታ ገና ቶናው ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። «ሄሎ» ብል ዝም። ደግሜ «ሄሎ!» ስል «አወቅሽኝ?» አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳልሰማ ቆይቼም ወዲያው አወቅኩት። ስኒዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም» አለኝ። «አሁንም የደወልኩት ለይቅርታ ብቻ አይደለም። ጉዳይ አለኝ፤ ምስክር ሁኚልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ፍቅረኛዬ እንዳልነበርሽ።»

እስቲ አስቡት! ሦስት ዓመት ሙሉ «የእገሌ ልጅ» እየተባልኩ የኖርኩት ሴትዮ፣ እንዳልነበርኩ በጽሑፍ አረጋግጬ ልላክለት ነው።

«አንቺ የታደልሽ!»

ልጁ የሠፈራችን ልጅ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ንጹሕ ለባሽ፣ ሰው አክባሪ፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ። አሥረኛ ክፍል ስንደርስ ጓደኝነታችን ወደ ፍቅር ተለወጠ፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እጄን ይዞ ይሸኘኛል፤ ልደቴን አይረሳም፤ ስታመም ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ሴት ጓደኞቼ «አንቺ የታደልሽ!» ይሉኝ ነበር። የእነሱዎቹ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ካልሆነ ይቅርብን» ሲሉ፣ የእኔው ጉንጬን እንኳ የሚስመኝ ሰው ሲያይ ብቻ ነበር።

ሰው ሲያይ ብቻ! ያኔ «ጨዋ ነው» ብዬ ኮርቼበታለሁ። አይ የልጅ ነገር።

ማትሪክ ከተፈተንን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። እኔ ነጥብ አልመጣልኝም፤ እሱ ኮሌጅ ይማራል። አንድ ምሽት ሠፈራችን ፑል ቤት ስልኩን ረስቶ ሲወጣ ልጆቹ ከፈቱት። ከሌላ ወንድ ጋር የተጻጻፈውን አንብበው ተቀባበሉት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሠፈሩ በሙሉ ሰማ።

ከመኝታ ቤቴ መስኮት አየሁት። የመንገዱ መብራት ሥር ከበውታል። አምስት ናቸው። አንደኛው ቀበቶውን ፈቷል። ሦስቱን በስም አውቃቸዋለሁ፤ አብረን ያደግን ልጆች ናቸው። እንደምንም አምልጦ ሮጠና የእኛን በር አንኳኳ። በስሜ ጠራኝ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ «ዝም በይ! የሰው ጣጣ እቤቴ እንዳታስገቢ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ እናቴ ባትይዘኝም የምከፍት አይመስለኝም። ፈርቼ ነበር። ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ ተናድጄ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጫወትብኝ ኖሯል!» የሚለው ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። ማንኳኳቱ ቆመ። ሲነጋ በራችን ላይ ደም ነበር። እናቴ ማንም ሳያይ በውኃ አጠበችው።

አጎቱ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ደጅ ጣለለት። ፖሊስ ጋ ሄዶ እንዳይከስ ደግሞ ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚደረግን ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። ፖሊሱ «ለምን ደበደቡህ?» ቢለው ምን ብሎ ይመልስ? ከሳሽ ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ ሊቀር! በአራተኛው ቀን ሞያሌ ገባ። ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ።

ካኩማ ላይ እንጀራ የሸሸ ልጅ

መጀመሪያ የኖረው ኬንያ ነው። ካኩማ የሚባለውን የስደተኞች ካምፕ ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ቱርካና በረሃ ውስጥ በፈረንጆች 1992 የተቋቋመ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ደርግ ከወደቀ በኋላ የተሰደዱ የእኛ ሰዎች ከቀደምት ነዋሪዎቹ መካከል ናቸው። እንጀራ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ሱቁ በእነሱ የተያዘ ሠፈር እዚያ አለ። ሌላው ስደተኛ አገሩ ሲናፍቀው የአገሩን ሰው ይፈልጋል። ይሄ ልጅ ግን እንጀራ እያማረው ያንን ሠፈር ዞሮ ነበር የሚያልፈው። «አንድ የእኛን ሠፈር የሚያውቅ ሰው ቢያጋጥመኝስ?» እያለ።

በካምፑ ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ በብዛት ኡጋንዳውያን። ኡጋንዳ በ2014 መጀመሪያ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን እስከ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ ስታወጣ ብዙዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ሕጉን ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ሻረው። በ2023 ግን ሌላ ተተካ፤ ይኸኛው ለአንዳንድ ጥፋቶች የሞት ቅጣትም ጨምሯል። የተሰደዱባት ኬንያም ብትሆን የራሷ ሕግ እስከ 14 ዓመት ያሳስራል፤ በ2019 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉ እንዲጸና ወስኗል። ካኩማ ውስጥ በ2021 ሌሊት በመጠለያቸው ላይ ቤንዚን ተጥሎ ሁለቱ ተቃጠሉ። አንደኛው፣ የ22 ዓመት ወጣት፣ ናይሮቢ ሆስፒታል ውስጥ ከሳምንታት በኋላ አረፈ። ከዱላ ሸሽቶ እሳት ላይ ማረፍ ማለት ይሄ ነው።

ልጁ ከካኩማ እንዴት አውሮፓ እንደገባ አልጽፍም። በዚያ መንገድ ገና ሊያልፉ የሚችሉ አሉና።

ፎቶዋ ጉድ አፈላች

ታዲያ እኔ ለምን ተፈለግኩ? አውሮፓ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ቃሉን ሊሰጥ ሲቀርብ ጠያቂዋ ከድሮ የፌስቡክ ገጹ ላይ አንድ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔና እሱ ነን። የትምህርት ቤት መሰናበቻችን ቀን፣ ጉንጬን ሲስመኝ። «ሴት ፍቅረኛ ነበረችህ። ታዲያ ይሄ እንዴት ነው?»

«ሽፋን ነበረች» አለ።

«በምን ታረጋግጣለህ?»

ምን ብሎ ያረጋግጥ? ዕድሜውን በሙሉ የተማረው ማስመሰልን ነው። ማስረጃ እንዳይገኝበት ሲጠነቀቅ ኖሮ፣ አሁን ማስረጃ አምጣ ተባለ። በራሱ አባባል «ኬዜ ሪጀክት ሆነ።» ይግባኝ ሲል ጠበቃዋ «ይህችን ፎቶ ከአንተ ሌላ ማስረዳት የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ፎቶዋ ላይ ያለችው» አለችው።

እዚህ ከዱላ ትሸፍነኛለች ብሎ የተነሣት ፎቶ እዚያ አጋለጠችው።

«አትመስልም» እና «አበዛኸው»

እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን ስሜን ከመፈረሜ በፊት ማወቅ ነበረብኝና ሰው ጠየቅኩ፣ አነበብኩ።

የ1951 የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም «የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን» አባል በመሆኑ ስደት የሚፈራን ሰው ነው። ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ወይም ከተወለዱበት ፆታ የተለየ ማንነት ስላላቸው ሰዎች አንዲት ቃል የለበትም። እነሱ የገቡት በአምስተኛዋ በር፣ «ማኅበራዊ ቡድን» በምትለዋ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990 አንድ ኩባዊ በዚህች በር አልፎ ከመባረር ተረፈ። በ1994 ዋና ዐቃቤ ሕጓ ጃኔት ሬኖ ውሳኔው ለሌሎችም እንዲሠራ አዘዘች። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንም በ2012 ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተዘጋጀ መመሪያ አወጣ።

ችግሩ መግቢያው ላይ ያሉት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ ጥያቄ «አገርህ ተመልሰህ ተደብቀህ ብትኖርስ?» የሚል ነው። ለዓመታት ብዙዎች በዚህች ጥያቄ ተመልሰዋል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ኢራናዊና አንድ ካሜሩናዊ ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደው በ2010 አሸነፉ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ ሰው በፍርሃት ራሱን ደብቆ እንዲኖር ማስገደድ ከስደት ማዳን አይደለም ነው። ጀርመን ደግሞ «ተደብቆ መኖር ይችል ይሆን?» እያሉ መመዘኑን ሙሉ በሙሉ የተወችው በ2022 ነው።

ሌላው «በእርግጥ ነህ ወይ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የተሠራውን ስሙ። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ወንዶቹን ፊልም እያሳዩ የሰውነታቸውን ለውጥ በመሣሪያ ይለኩ ነበር፤ በ2010 የአውሮፓ ኅብረት የመብት ተቋም ይፋ አውጥቶ አወገዘው። ሃንጋሪ ውስጥ ለአንድ ናይጄሪያዊ «ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ሳል» የሚልበት የሥነ ልቦና ፈተና ሰጥተውታል። ወይ ጉድ! ሰው ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ስለሳለ ማንን እንደሚያፈቅር ይታወቃል? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 እንዲህ ያለውን ፈተና ከለከለ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2014 ስለ አልጋ ዝርዝር መጠየቅን፣ «ምርመራ» የሚባለውንና የግንኙነት ቪዲዮ መቀበልን አግዷል። አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ስላልተናገረ ብቻም ውሸታም ተብሎ አይደመደም ብሏል።

በዚያው በ2018 ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ወጣት አፍጋናዊ ሲራመድም ሲለብስም «አትመስልም» ተብሎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ኢራቃዊ ደግሞ ሴታሴትነቱን «አበዛኸው፣ እያስመሰልክ ነው» ተባለ። እንግዲህ የቱን ይሁኑ?

«ጓደኛዬ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የአስተርጓሚው ነገር ነው። ልጁ ቃሉን ሊሰጥ ሲገባ የተመደበለት አስተርጓሚ የእኛው አገር ሰው ነው። ገና «ጤና ይስጥልኝ» ከማለታቸው «የየት ሠፈር ልጅ ነህ?» አለው። እኛ ሐበሾች ስንተዋወቅ የምንለው ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጁ ግን ምላሱ ደረቀ። ይህ ሰው ማታ ሐበሻ ምግብ ቤት ምን ያወራ ይሆን? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከማን ጋር ይቆም ይሆን?

ስለዚያ ልጅ፣ ስልኩ ላይ ስለተጻጻፉት ልጅ ሲጠየቅ «ጓደኛዬ ነበር» አለ። በእኛ አማርኛ «ጓደኛዬ» ሁለቱንም ነው፤ አብሮ የተማረም ጓደኛ ነው፣ የፍቅርም ጓደኛ ነው። አስተርጓሚው ተራውን ጓደኛ አድርጎ ተረጎመው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «አንድ ጓደኛ ነበረው» የሚል ሆነ። እኔን ደግሞ ፎቶዬን አይተው ፍቅረኛ አደረጉኝ። ጓደኛ የነበርኩት እኔ፣ ፍቅረኛ የነበረው እሱ! መዝገቡ ሁለታችንን አቀያየረን።

ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በብዙ አገሮች ሌላ አስተርጓሚ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል። እሱ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ቢያውቅም ይጠይቅ ነበር ወይ? «ለምን አልፈለግከኝም?» ቢለውስ?

ሦስት ሳምንት

ደብዳቤውን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ሳምንት በኩርፊያ አለቀ። ምን ብዬ ልጻፍ? «ተታልዬ ነበር» ብዬ? ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለራሷም አትናገርም፤ እኔ ደግሞ ለማላውቃቸው ፈረንጆች አስተርጉሜ ልላክ!

በሁለተኛው ሳምንት ለእጮኛዬ ነገርኩት። «ስምሽን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ? ደግሞስ ለወረቀት ብሎ የፈጠረው ቢሆን?» አለኝ። እናንተም ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ለወረቀት የሚዋሽ አይጠፋም፤ በፖለቲካም በሃይማኖትም የሚዋሽ አለ። እኔ ግን የተጠየቅኩት ያየሁትን ነው። ዱላውን አይቻለሁ። ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም፤ የጠየቀኝም የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ለእናቴ ተናገርኩ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «እሱንም ጻፊው።»

ጻፍኩት።

ለእናንተም ሊደርሳችሁ ይችላል

አንድ ቀን ከወንድማችሁ፣ ከክፍል ጓደኛችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ልጅ እንዲህ ያለ ስልክ ይደወልላችሁ ይሆናል። ከልጁ ጠበቃና ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

1. ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ አምስቱን ልጆች «አሥር» ብያቸው ነበር፤ ለመርዳት ብዬ። ጠበቃዋ መለሰችው። የእሱ ቃል አምስት፣ የኔ አሥር ቢል ሁለታችንም ውሸታም ነን።

2. ማን እንደሆናችሁ፣ እንዴት እንደምትተዋወቁ፣ መቼና የት ምን እንዳያችሁ በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ። የሰማችሁትን «ሰማሁ»፣ ያያችሁትን «አየሁ» በሉ። በሕግ ቋንቋ ለማሳመር አትድከሙ፤ መተርጎሙ እዚያ ይሠራል።

3. ደብዳቤውን ለጠበቃ እንጂ በሰው እጅ አትላኩ። የጥገኝነት መዝገብ ምስጢር ነው፤ ለተሸሸበት አገር መንግሥት ተላልፎ መሰጠት የለበትም። ቢሆንም እናንተ ላይ ሊመጣ የሚችለውን ጠበቃውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማትችሉ ከሆነ «አልችልም» ማለትም ይቻላል፤ ዝም ብሎ ማንጠልጠል ግን ቀነ ቀጠሮ ያሳልፋል።

4. «ማስረጃ ላክልኝ» ብላችሁ ፎቶና ቪዲዮ አትጠይቁት። ፍርድ ቤት እንኳ የከለከለውን እናንተ አትጀምሩት።

5. ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ አስተርጓሚ ከሆናችሁ «የየት ሠፈር ልጅ ነህ?» የምትለዋን ተዉአት። «ጓደኛዬ» ሲል «የትኛው ዓይነት?» ተብሎ እንዲጠየቅ አድርጉ። የሰማችሁትን እዚያው ክፍል ጥላችሁት ውጡ። አስተርጓሚ ካልሆናችሁም ለቀጠሮ አብሮ መሄድ፣ በር ላይ መጠበቅ፣ ለሁለት ሌሊት ሶፋ መስጠት ትችላላችሁ። ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተመድቦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነው። በርሊን በ2016 ለእንዲህ ያሉ ስደተኞች ብቻ ከመቶ በላይ ሰው የሚይዝ መጠለያ የከፈተችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

6. ካናዳ ያላችሁ ሌላም መንገድ አላችሁ። እዚያ ተራ ነዋሪዎች ተሰባስበው ገንዘብ አዋጥተው ስደተኛ ማስመጣት ይችላሉ። ቫንኩቨር ውስጥ ከ2000 ጀምሮ ሬይንቦ ሬፊዩጂ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ ሬይንቦ ሬይልሮድ የሚባሉ ድርጅቶች በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። አሜሪካ በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ካኩማ ውስጥ ተራ ይጠብቁ ለነበሩት አንድ ትልቅ በር ተዘግቷል። ስለዚህ የቀሩት በሮች ላይ ያለው ሰልፍ ረዝሟል።

በሩ

ደብዳቤውን ስጽፍ «ምን ብዬ ልጥራህ?» ብዬ ጠየቅኩት። የጋዜጦቻችን ቃል ስድብ እንደሚመስለው አውቄያለሁ። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በይ» አለኝና ሳቀ። «እርስ በርሳችን ግን ምን እንደምንባባል ታውቂያለሽ? ዜጋ።» ምስጢር አውጥቼ እንዳይመስላችሁ፤ ቃሉ ጥናት ላይ ሳይቀር ታትሟል። ዜጋ! አሁን መታወቂያው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ «ጥገኝነት ጠያቂ»።

ጨርሼ ስልክላት ጠበቃዋ ለእሱም አሳየችው። በማግሥቱ ደወለ።

«እቤት ነበርሽ?» አለኝ።

አልገባኝም። «መቼ?»

«የዚያን ቀን ማታ። ከመስኮት አየሁ ብለሻል። ሲያንኳኳ ሰማሁ ብለሻል።»

ለካ ሰባት ዓመት ሙሉ «እቤት አልነበሩም» ብሎ ነበር ራሱን ያሳመነው። ብንኖር ኖሮ እንከፍትለት ነበር ብሎ። ምን ልበላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ነበርኩ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ካርዱ አለቀ ብዬ ስጠራው «አለሁ» አለ። «ጠበቃዋ ደብዳቤው ጥሩ ነው ብላለች።» ከዚያ እናቴን አቅርቢልኝ አለኝ። ስልኩን ሰጥቻት ወጣሁ፤ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ይግባኙ ተሰምቷል፤ ውሳኔው ገና አልወጣም። የውጭ ቁጥር ሲደውል አሁን መጀመሪያ የምትነሣው እናቴ ናት።

በሉ አንባብያን፣ ቸር እንሰንብት።